«ጊዜው አልፎበታል» የምንለው በምን ማስረጃ ነው?

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት ማታ በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። አንድ ጓደኛችን ለማስተማር ልምምድ ወደ ዳባት ገጠር ደርሶ መመለሱ ነበር። እዚያ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር በአንድ ወንበር ተጣቦ የሚቀመጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አጋጥሞታል። ልጁ ፊደል ገና እየለየ ነው። ጓደኛችን ይህን አጫውቶን ሲያበቃ፣ «እሱ ልጅ እንኳ አይሆንም፤ ጊዜው አልፎበታል። ጭንቅላት እኮ እንደ ጭቃ ነው፤ አንዴ ከደረቀ በኋላ ብታሸው ምን ዋጋ አለው?» አለ። ብዙዎቻችን ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ለመሆኑ ይህን አባባል ከየት አመጣነው? በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሲባል ሰምተነዋል፣ በመንደራችን ሲባል ሰምተነዋል፣ ነገ እኛም በተራችን እንለዋለን። ነገር ግን መምህር የሚናገረው ቃል እንደ ገበያ ወሬ አይደለም። መምህር «አይሆንም» ያለው ልጅ፣ አባቱም «አይሆንም» ይለዋል፤ በማግሥቱ በትር አስይዞ ከከብት ኋላ ይልከዋል። ስለዚህ «ጊዜው አልፎበታል» ከማለታችን በፊት ነገሩ እውነት መሆን አለመሆኑን መመርመር ግዴታችን ይመስለኛል።

ደግነቱ ዛሬ ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማየት የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ የሰውን ራስ ሳይከፍት፣ ደም ሳያፈስ፣ የአንጎልን ሥጋ አጥርቶ ፎቶግራፍ ያነሣል። ሰውየው ተንጋሎ ትልቅ በርሜል በሚመስል መግኔት ውስጥ ይገባል። መግኔቱ ኃይለኛ ነው፤ ኮምፓስን ወደ ሰሜን ከሚያዞረው ከምድር መግኔት በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ ይበልጣል።

የዚሁ መሣሪያ ሁለተኛ ሥራ ግን ከሁሉ ያስደንቃል። አንጎል ክብደቱ 1.4 ኪሎ ያህል፣ ማለትም ከሰውነታችን ከመቶ 2 እጅ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት ከመቶ 20 እጅ ያህሉን የሚበላ ነው። ከአንጎል ክፍሎች አንዱ ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የያዘ ደም ወደዚያ ይጎርፋል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ይጎርፋል። ኦክስጅኑን የጨረሰ ደም የመግኔት ጠባይ ስላለው ፎቶግራፉን ያደበዝዘዋል፤ ትኩስ ደም ሲተካበት ቦታው ይፈካል። ይህን የደም ጠባይ ሴይጂ ኦጋዋ የተባሉ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 በአይጥ ላይ አሳዩ። በ1992 ደግሞ ተመራማሪዎች ሰዎችን በመሣሪያው ውስጥ አስተኝተው ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ቢያሳዩአቸው፣ በኋላ ጭንቅላታቸው በኩል ያለው የእይታ ክፍል ፈክቶ ታየ። መብራቱ ሲጠፋ ፍካቱም ጠፋ። ዓይናችን ከፊት ሆኖ ሳለ የምናየው በኋላ ጭንቅላታችን ነው ማለት ነው! መምህራችን በሥነ ልቦና ክፍለ ጊዜ ይህን ሲነግሩን ስንቶቻችን እጃችንን ወደ ማጅራታችን እንደላክን ታስታውሳላችሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሥራ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ከዚህ ያልፋል። ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያይና ሲለማመድ ሥጋው ራሱ ይለወጣል ወይ? ጭቃው ከደረቀ በኋላም ይታሻል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2004 ጀርመን አገር ውስጥ 24 ዐዋቂ ሰዎች ለሙከራ ተመረጡ። ግማሾቹ ሦስት ኳሶችን በየተራ ወደ ላይ እየወረወሩ መቅለብን ለሦስት ወር ተለማመዱ፤ ግማሾቹ ምንም አልተለማመዱም። ሁሉም በመሣሪያው ተነሡ። የተለማመዱት ሰዎች የሚንቀሳቀስ ነገርን በሚከታተለው የእይታ ክፍላቸው ላይ ግራጫው የአንጎል ሥጋ በልጦ ተገኘ። ቀጥሎ ለሦስት ወር ልምምዱን ተዉት። እንደገና ሲነሡ ያ የበለጠው ሥጋ ተመልሶ ቀንሶ ነበር። እነዚህ ሕፃናት አልነበሩም፤ ሙሉ ሰዎች ነበሩ። የደረቀ ጭቃ እንዲህ ያደርጋል?

«ኳስ መቅለብና ፊደል መቁጠር ምን ያገናኛቸዋል?» የሚል አይጠፋም። ደግ ጥያቄ ነው። በኮሎምቢያ ለረጅም ዘመን በጫካ ሲዋጉ የኖሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሽምቅ ተዋጊዎች ነበሩ። መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ሰላማዊ ኑሮ ሲመለሱ በዐዋቂነታቸው ማንበብ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት 20 ያህል ማንበብ የተማሩት ገና ካልተማሩት 22 ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። በተማሩት ዘንድ የእይታንና የቋንቋን ሥራ በሚያገናኙ የአንጎል ክፍሎች ግራጫው ሥጋ በዝቶ፣ ግራና ቀኙን የአንጎል ክፍል የሚያያይዘው ነጭ የጅማት ድልድይም በኋለኛው በኩል ወፍሮ ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2010፣ ስታኒስላስ ደሃን የተባሉ ፈረንሳዊና ባልደረቦቻቸው ከብራዚልና ከፖርቱጋል 63 ሰዎችን መረመሩ። ገሚሱ ማንበብ የማይችል፣ ገሚሱ ካደገ በኋላ የተማረ፣ ገሚሱ በልጅነቱ ትምህርት ቤት የገባ ነበር። ማንበብ የሚችል ሰው ጽሑፍ ሲያይ፣ በግራ በኩል ከጆሮ ኋላ ዝቅ ብላ የምትገኝ አንዲት ክፍል ትበራለች። ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ይህች ክፍል ካደጉ በኋላ በተማሩትም ላይ በርታለች። ንባባቸው ከልጅነት ተማሪዎቹ ዘገም ያለ ነበር፤ ለውጡ ግን አለ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የህንዱ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሲሆን፣ በላክናው ከተማ አካባቢ ባለ ገጠር የሚኖሩ ማንበብ የማይችሉ ዐዋቂዎች ለስድስት ወር ያህል የአገራቸውን ፊደል ተማሩ። የህንዶቹ ፊደል እንደ እኛው ነው፤ አንዱ ፊደል ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር ጠቅልሎ ይይዛል። ከትምህርቱ በኋላ፣ ከዓይን የመጣውን መልእክት የሚያስተላልፉት የአንጎል ጥልቅ ክፍሎች ከኋለኛው የእይታ ክፍል ጋር ያላቸው ቅንጅት ጠንክሮ ታየ። ስድስት ወር ማለት እኮ የእኛ አንድ መንፈቅ ዓመት ከትንሽ ጭማሪ ጋር ነው! ደግሞም እነዚያ ሰዎች የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ከደባርቅና ከዳባት ገበሬ በምን ይለያሉ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርሁ አድልዎ ይሆንብኛል። መሣሪያውን እንደ ጠንቋይ መስተዋት ማየት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካኖች የሞተ ዓሣ ከገበያ ገዝተው በመሣሪያው ውስጥ አስተኙትና የሰዎች ፎቶግራፍ «አሳዩት»። ሒሳቡ በጥንቃቄ ሳይታረም ሲቀር የሞተው ዓሣ አንጎል ላይ ፍካት ታየ! በትክክል ሲሰላ ጠፋ። ይህን ያደረጉት ለማላገጥ ሳይሆን የሙያ ባልደረቦቻቸውን ለማስጠንቀቅ ነው። ደግሞም «ሥጋው በዛ» ሲባል የበዛው የሕዋስ ቅርንጫፍ ይሁን፣ የደም ሥር ይሁን፣ ሌላ ይሁን ፎቶግራፉ ብቻውን አይለይም። የተመረመሩትም ሰዎች በየጥናቱ ጥቂት ናቸው። ቢሆንም ከኮሎምቢያም፣ ከብራዚልም፣ ከህንድም የመጣው ምስክር ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል። ሦስት ምስክር በአንድ ቃል ሲመሰክር በእኛ አገር ሽማግሌ ይፈርዳል።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። እናቴ ከደባርቅ ዝቅ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር ገበሬ ናት። ለብዙ ዓመት ዓይኗን ያማት ነበር፤ የዓይኗ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ይወጋት ነበርና በየጊዜው በወረንጦ ትነቅለዋለች። ይህ የትራኮማ መዘዝ መሆኑን የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የአማራ ክልል በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጎዱት ስፍራዎች አንዱ ነው። በኋላ ቆቧን በጤና ጣቢያ ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ፀጉሩ መውጋቱን ተወ። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ፣ አንድ ማታ በጨዋታ መካከል፣ «እማዬ፣ ፊደል ላስቆጥርሽ?» አልኋት። «ወግድ! በዚህ ዕድሜዬ ልትስቅብኝ ነው?» አለችኝ። በማግሥቱ ግን ቡና እያፈላች «እስቲ ያንን ነገርህን አምጣው» አለችኝ።

ስንደዶ ቆርጬ እያመለከትሁ ጀመርን። 33ቱን የፊደል ዘር በሰባት ሰባት ስናበዛው 231 ይሆናል፤ ለጀማሪ ሰው ተራራ ነው። እሷ ግን የራሷን ዘዴ ፈጠረች። «ተ»ን መስቀል አለችው። «ሠ»ን መንሽ አለችው። «ጠ»ን «ይኼማ ባለ ሦስት እግሩ ነው» አለችና ሳቀች። «ነ»ና «ኘ»ን ለመለየት «ይኼኛው ቆብ ደፍቷል» ትላለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም የገባት አይመስልም ነበር፤ ዛሬ ያየችውን ነገ ትረሳዋለች። እኔም በልቤ «ጊዜዋ አልፏል» ብያለሁ፤ እዚህ ላይ እናዘዛለሁ። አፌን አውጥቼ አለመናገሬ ብቻ ነው የጠቀመኝ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ከሣጥን ውስጥ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫውን ደብተር አውጥታ ብርሃን ወዳለበት ወደ ደጃፍ ወጣች። ለብቻዋ ጣቷን እያስኬደች ቆየችና፣ «ይኼ እኔ ነኝ?» አለችኝ። አዎ፣ ስሟ ነበር። ደብተሩ ለዓመታት በሣጥናችን ውስጥ ተቀምጧል፤ ፎቶዋም አብሮ አለ፤ ስሟን ግን ያን ቀን ነው ያየችው። እናቴን ወደ መግኔቱ ያስገባት የለም። ቢሆንም በዚያች ቅጽበት ከግራ ጆሮዋ ኋላ አንዲት መብራት እንደበራች ማንም አያስክደኝም።

ይሁንና በተቃራኒው ወገን ያለውንም እውነት ልደብቅ አልሻም። ጊዜ ያለው ነገር አለ። ሁበልና ዊዝል የተባሉ ሳይንቲስቶች የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን በመጀመሪያዎቹ ወራት ዘግተው ሲከፍቱት፣ ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንጎሉ በዚያ ዓይን ማየት ተስኖት አገኙት። ለዚህና ለተመሳሳይ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከእኛው አገርም ምስክር አለ። በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ይዘው የተወለዱና ለዓመታት ሳይታከሙ የቆዩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሐዋሳ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ብርሃን አይተዋል። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ልጆች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆቹ ቀለምን፣ መጠንንና ቀላል ቅርጽን ቶሎ ለመለየት መቻላቸውን፣ ነገር ግን አንዱ ነገር ሌላውን ሲሸፍነው ወይም ቅርጹ በጥላ ብቻ ሲገለጽ መቸገራቸውን አሳይተዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች በ2022 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ዓይንና እጅን ማስማማት እንኳ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓመታት ይፈጃል። ይፈጃል እንጂ አይቀርም፤ ይህንንም ልብ በሉ።

እንግዲህ ከሁለቱ ወገን ምን እንማራለን? እኔ የተማርሁትን በአጭሩ ላስቀምጠው፦ የዓይን ነገር ጊዜ ይዟል፤ የፊደል በር ግን አልተዘጋም። እኛ በተግባር የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በዓይኑ የተቸገረውን ሕፃን «ይደርሳል፣ ያድጋል» ብለን ችላ እንለዋለን፤ መቸኮል በሚገባን ቦታ እንዘገያለን። ዘግይቶ የመጣውን የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ «አለቀለት» እንለዋለን፤ መታገሥ በሚገባን ቦታ እንቸኩላለን።

እኔ በተማርሁበት አንድ ትምህርት ቤት ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገልብጥ ሲባል የጎኑን ልጅ ደብተር ያያል። ኮራጅ ተብሎ ተገረፈ፤ ሰነፍ ተባለ፤ በመጨረሻ ተወው። ይኸው ልጅ በኋላ እረኛ ሆኖ ሳገኘው መጽሐፍ አፍንጫው ላይ ካልለጠፈ አያይም። ለካስ ችግሩ ከራሱ ሳይሆን ከዓይኑ ነበር። ማንም መጥፎ ልብ ኖሮት አይደለም፤ የጠየቀ ስላልነበረ ነው። እኔም የጎኑ ልጅ ሆኜ ሳለ አልጠየቅሁም።

የዘገዩ ልጆች ጉዳይ በእኛ አካባቢ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ ደባርቅ ላይ ተጠልሏል። የስንቱ ልጅ የትምህርት ዘመን በመካከል ተቆርጧል! እነዚህ ልጆች ነገ እኛ በምንመደብበት ክፍል ውስጥ ረዘም ረዘም ብለው ከሕፃናት መካከል ተቀምጠው ይጠብቁናል። አንድ ነገር ብቻ ነው ከፊታችን ላይ የሚያነቡት፤ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» የሚለውን። ያንን ለማንበብ ፊደል አያስፈልጋቸውም።

ወደ ኋላ ብናይም አገራችን ይህን በር ከፍታ ታውቃለች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንት ጉድለት ቢኖረው፣ ሽማግሌና ባልቴት ሳይለይ በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጥሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማትም አስገኝቷል። ያን ጊዜ ማንም እንዲህ ያለ የአንጎል ፎቶግራፍ አልነበረውም። ዛሬ ፎቶግራፉ በእጃችን እያለ ልባችን ከጠበበ ነገሩ ያሳፍራል።

ነቅፎ ብቻ መሄድ የሰነፍ ጠባይ ስለሆነ ሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እያንዳንዳችን በመጀመሪያው ሳምንት የልጆቹን ዓይን እንፈትን። ሹካ የሚመስለውን ባለ ሦስት ጣት ምልክት በካርቶን ላይ ሥለን፣ ስድስት ሜትር ርቀን፣ ጣቶቹ ወደየት እንደዞሩ ልጁ በእጁ እንዲያሳየን ማድረግ ነው። ፊደል ማወቅ አይጠይቅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ያላየውን ልጅ ከፊት ማስቀመጥ፣ ወላጁን ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው።

ሁለተኛ፣ «ደደብ»፣ «ድንጋይ ራስ»፣ «ጊዜው አልፎበታል» የሚሉትን ቃላት ከአፋችን እናውጣ። መምህራኖቻችንም በሥነ ልቦና ትምህርት ውስጥ ዘግይተው ለሚጀምሩ ልጆች የሚሆን የማስተማሪያ ዘዴ ሰፋ አድርገው ቢያስተምሩን እንላለን። የ14 ዓመት ልጅ የሚፈልገው የስምንት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ሳይሆን ለዕድሜው የሚመጥን ንባብ ነው።

ሦስተኛው ነገር ከቅጥር ግቢያችን አይወጣም። እንጀራችንን ከሚጋግሩልን እናቶችና በሩን ከሚጠብቁልን አባቶች መካከል ደመወዝ ሲቀበሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የሚፈርሙ አሉ። እኛ ግን ከእነሱ ፊት በየቀኑ «ስለ ማስተማር» እንማራለን! ከራት በኋላ በሳምንት ሦስት ማታ፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ በፈቃደኝነት ብናስተምራቸው ምን ይጎድልብናል? እኔ ስሜን አስመዝግቤአለሁ፤ ስንደዶም ቆርጫለሁ። የሚተባበረኝ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ስሙን ይጻፍ። በጀርመን አገር የተለማመዱት ሲተዉት ሥጋቸው ተመልሶ እንደቀነሰ አትርሱ፤ ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ሆይ ሆይ ብሎ የሚጠፋ ሰው ባይመዘገብ ይሻላል።

በመጨረሻ ለዚያ ጓደኛዬ አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ ሆይ፣ አልተቀየምሁህም፤ እኔም ከአንተ ጋር ስቄአለሁና። ነገር ግን ያ የ14 ዓመት ልጅ በስሜን ገደል ላይ ከሩቅ ዋልያውን ከድንጋዩ ለይቶ የሚያይ ዓይን እንዳለው አንተው ነግረኸናል። ዋልያን ከድንጋይ የለየ ዓይን «ነ»ን ከ«ኘ» መለየት ያቅተዋል ብለህ ነው? ስትመለስ ስንደዶ ይዘህለት ሂድ።